ጥብስ ድንቼ ቺዝ ሲነካው ለምን ይልፈሰፈሳል?

ጥያቄው፦ «ልጆቼ ቺዝ ያለበት ጥብስ ድንች በጣም ይወዳሉ። ቤት ውስጥ ስሠራው ግን እምቢ ብሎኛል። አንዳንዴ ከውጭ ይጠቁርና መሃሉ ጥሬ ይሆናል። ደህና ከወጣልኝም ቺዝ ስጨምርበት ወዲያው ይልፈሰፈሳል። ቺዙ ራሱ አንዴ ሳይቀልጥ ይቀራል፣ አንዴ ደግሞ ዘይቱን ይለቅና ይጠነክራል። ኦቨን አለኝ፤ የመጥበሻ ማሽን ግን የለኝም። ብዙ ጣጣ የሌለው መንገድ ካለ ብትነግሩኝ?»

እህቴ፣ ጣጣ የሌለው መንገድ አለ። መጀመሪያ ግን ምክንያቱን እንየው። ምክንያቱን ካወቅሽ፣ እዚህ ያልጻፍኩት ነገር ሲያጋጥምሽም ራስሽ ትፈቺዋለሽ።

አብዛኛው ችግርሽ የሚመጣው ከውሃ ነው። ከ100 ግራም ጥሬ ድንች ውስጥ 80 ግራም ገደማው ውሃ ነው። መጥበስ ማለት ይህን ውሃ ከድንቹ ፊት ላይ ማባረር ማለት ነው። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ፊቱ ይደርቅና ኩርሽም የሚል ቅርፊት ይሠራል። መሃሉ ላይ ግን ገና ብዙ እርጥበት አለ። ድንቹ ከዘይት ከወጣ በኋላም ያ እርጥበት ወደ ውጭ መውጣቱን አያቆምም። መውጫ ካገኘ ተንኖ ይሄዳል። ካላገኘ ቅርፊቱን መልሶ ያረጥበዋል። ቺዝ ደግሞ የራሱ ውሃ አለው፤ ሲቀልጥ ደግሞ ከላይ እንደ ክዳን ይደፍነዋል። ድንቹ ከላይ ታፍኖ፣ ከታች ሳህን ላይ ተኝቶ አምስት ደቂቃ ከቆየ በቃ፣ አለቀለት።

ስለዚህ በዚህ ምግብ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። ድንቹ ለብቻው ተሠርቶ ያልቃል፣ ቺዙም ለብቻው ይዘጋጃል። ሁለቱ የሚገናኙት በላተኛው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ድንቹ። «ከውጭ ይጠቁርና መሃሉ ጥሬ ይሆናል» ያልሽው ነገር ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ዘይቱ ከመጠን በላይ መጋሉ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያስበውም። ድንቹን ፍሪጅ ውስጥ ነው የምታስቀምጪው? ጥሬ ድንች ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳር ደግሞ ትኩስ ዘይት ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል። መሃሉ ሳይበስል ፊቱ ያልቅለታል። ቀለሙን አይተሽ ስታወጪው ጥሬ ነው፤ እንዲበስል ስትተዪው ይመርርብሻል። ድንችን ጨለማና አየር የሚዘዋወርበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ግን ፍሪጅ ያልሆነ ቦታ አስቀምጪው።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች የበዛባቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጠበሱና ሲጋገሩ አክሪላማይድ የሚባል፣ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚጠረጠር ንጥረ ነገር እንደሚፈጠር ይፋ አድርገዋል። ንጥረ ነገሩ የሚፈጠረው አስፓራጂን የሚባለው አሚኖ አሲድ ከስኳር ጋር ሲዋሃድ ነው። ድንች ሁለቱም አለው። ድንቹ ስኳር በበዛበትና በጠቆረ ቁጥር አክሪላማይዱም ይጨምራል። ለልጆች የምትሠሪ ከሆነ ወርቃማ ሲሆን አውጪው፤ ቡናማ እስኪሆን አትጠብቂ።

የድንቹም ዓይነት ለውጥ አለው። ለጥብስ የሚመረጠው ስታርቹ የበዛ፣ ሲቀቀል የሚፈረካከሰው ዱቄታም ድንች ነው። ሲቀቀል ቅርጹን አጥብቆ የሚይዘው ውሃማ ድንች ለሰላጣ ይሻላል። የቱ እንደሆነ ካላወቅሽ በአንድ ስኒ ጨው አሥራ አንድ ስኒ ውሃ በጥብጪና ድንቹን ጣይበት። ዱቄታሙ ይሰምጣል፣ ውሃማው ይንሳፈፋል። ስታርች የበዛበት ድንች ስለሚከብድ ነው። አረንጓዴ የሆነ ወይም የበቀለ ድንች ካገኘሽ ደግሞ ለጥብስ አትመኚው። አረንጓዴው ቀለም ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር እንደበዛበት ምልክት ነው፤ መጥበስም አያጠፋውም።

ለአራት ሰው 1 ኪሎ ድንች ይበቃል። ላጪውና 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጣት ጣት አድርገሽ ቁረጪው። ዋናው ነገር እኩል መሆኑ ነው። ቀጭኑና ወፍራሙ አብረው ከገቡ አንዱ ሲያር ሌላው ገና ነው። ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግመሽ እጠቢው። ያ ነጭ ውሃ ከተቆረጠው ፊት የሚወጣ ስታርች ነው። ካልታጠበ ድንቹ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይጠቁራል።

አሁን ዋናውን ዘዴ ልንገርሽ። ድንቹን ጥሬውን ዘይት ውስጥ አትጨምሪው፤ መጀመሪያ ቀቅዪው። ድስት ውስጥ 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው አድርጊና ድንቹን ጨምሪበት። መፍላት ከጀመረ በኋላ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይቀቀል። አቼቶው ለጣዕም አይደለም፤ ስትበዪውም አይታወቅሽም። የድንችን ሕዋሳት አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ተራ ውሃ ውስጥ ፔክቲኑ ስለሚሟሟ ድንቹ ይላቁጣል። ውሃው አሲድ ሲኖረው ግን ፔክቲኑ ቶሎ አይሟሟም። ስለዚህ ድንቹ መሃሉ ድረስ ይበስላል፣ ቅርጹ ግን አይፈርስም። ቢላዋ ስትሰኪበት ያለችግር ከገባ፣ ስታነሺው ደግሞ ካልተሰበረ ደርሷል።

አንዳንድ ሰው በአቼቶ ፋንታ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምራል። ሶዳ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ ፔክቲኑን ያፈርሰዋል። የድንቹ ፊት ሻካራ ስለሚሆን ኦቨን ውስጥ ለሚጠበስ ትልልቅ ድንች ጥሩ ነው። ዘይት ውስጥ ለሚገባ ቀጭን ድንች ግን አልመክርሽም፤ ይበታተንብሻል።

ሲበስል አጥልዪውና በንጹሕ ፎጣ ወይም በሽቦ መደርደሪያ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ስጪው። ትኩስ ስለሆነ እንፋሎቱ በራሱ ይወጣል። ፊቱን ልብ ብለሽ እዪው። መጀመሪያ እርጥብና አብረቅራቂ ነው። ቀስ እያለ ብልጭታው ይጠፋና ደብዘዝ ይላል። ጠርዙ ላይ ነጭ፣ ሻከር ያለ ስስ ሽፋን ይታያል። በጣትሽ ብትነኪው ደረቅ ነው፣ ትንሽም ይጣበቃል። ያ ሽፋን ደርቆ የቀረ ስታርች ነው፤ ዘይት ሲያገኘው ቅርፊት የሚሆነውም እሱ ነው። ይህን ሳታዪ ወደ ዘይት አትሂጂ። እርጥብ ድንች ዘይት ያስፈነጥራል፣ ዘይቱንም ያቀዘቅዛል።

ለመጥበሻ ጎድጎድ ያለና ከባድ ድስት ይሻላል። ዘይቱ ከድስቱ ሲሶ አይለፍ፤ ድንቹ ሲገባ አረፋው ከፍ ስለሚል ነው። የተጣራ የሱፍ፣ የበቆሎ ወይም የለውዝ ዘይት ይሆናል። ያልተጣራ ዘይትና ቅቤ ግን ቶሎ ስለሚጨሱ ለዚህ አይሆኑም። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለሽ የደረቀ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ንከሪ። ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ተዘጋጅቷል። ምንም ካልወጣ ገና ነው። በኃይል ከተንተከተከ ወይም ዘይቱ መጨስ ከጀመረ በዝቷል፤ እሳቱን አጥፊና እስኪበርድ ጠብቂ።

አንድ ኪሎውን በአንድ ጊዜ አትጨምሪው። ለ1 ሊትር ተኩል ዘይት በአንድ ዙር ሩብ ኪሎ ይበቃል። ከበዛ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ቅርፊቱ ቶሎ አይሠራም፣ ድንቹም ዘይት ይጠጣል። ዘይት የጠገበ ጥብስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከዘይቱ ብዛት አይደለም። አራት ዙር መጥበስ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ዙር ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያለቀውን 100 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ውስጥ ሽቦ ላይ እያስቀመጥሽ ትጠብቂዋለሽ።

ምግብ አሠራር ሳስተምር ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማለማምዳቸው ድምፅ መስማት ነው። ድንቹ ሲገባ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ዘይቱ ይጮኻል፣ አረፋውም ትልልቅ ነው። ያ ሁሉ የሚወጣ ውሃ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አረፋው እያነሰ ይሄዳል፣ ድምፁም ዝቅ ይልና ሹክሹክታ ይመስላል። በፊቱ ላይ ያለው ውሃ አለቀ ማለት ነው። በዚያን ሰዓት በጭልፋ ስታገላብጪው ድንቹ እርስ በርሱ ሲጋጭ ደረቅ ድምፅ ያሰማል። ሰዓት ከማየት ይልቅ ይህን ብታዳምጪ ይሻልሻል፤ ድንች ሁሉ እኩል ውሃ የለውም።

ስታወጪው ባለ ቀዳዳ ጭልፋ ተጠቀሚና ሽቦ ላይ ዘርጊው። ሶፍት ላይ መከመር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከሥር ያለው ድንች የራሱ እንፋሎት ውስጥ ይዘፈቃል። ሶፍት ከፈለግሽ ለአፍታ አሳርፊውና አንሺው። ጨው ወዲያው፣ ገና ዘይቱ ፊቱ ላይ እያለ ነስንሺ፤ ከደረቀ አይይዝም። ግን ቆጥቢ። ቺዙ ራሱ ጨዋማ ነው፣ የመቀቀያ ውሃውም ጨው ነበረው።

ከዚህ የበለጠ ኩርሽምታ ከፈለግሽ ሁለቴ ጥበሺው። መጀመሪያ በ160 ዲግሪ 4 ደቂቃ ያህል ቀለም ሳይዝ ጥበሺና አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዢው። ከዚያ በ190 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መልሺው። ልዩነቱ ይታወቃል። ለዘወትር ግን የተቀቀለና በደንብ የደረቀ ድንች አንዴ መጠበሱ ይበቃል ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። የዘይት ድስት ጥለሽ አትሂጂ፤ እጀታውንም ወደ ውስጥ አዙሪው። ዘይቱ በእሳት ቢያያዝ ፈጽሞ ውሃ አታፍስሺበት። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል። እሳቱን አጥፊ፣ ድስቱን በብረት ክዳን ክደኚ፣ እስኪበርድ ድረስም አታንቀሳቅሺው።

ቺዙ ጋ እንምጣ። «አንዴ ሳይቀልጥ ይቀራል» ያልሽው የዓይነት ጉዳይ ይመስለኛል። ቺዝ ሁሉ አይቀልጥም። ቺዝ በአጭሩ ስብና ውሃ አቅፎ የያዘ የወተት ፕሮቲን መረብ ነው። ወተቱ ሬኔት በሚባለው የቺዝ ማርጊያ ኢንዛይም ከረጋ የመረቡን ክሮች የሚያያይዛቸው ካልሲየም ነው። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይህ መረብ ላላ ይልና ቺዙ ይፈስሳል። ሞዛሬላ፣ ቼዳርና ጋውዳ እንዲህ ናቸው። በሎሚ ወይም በአቼቶ ብቻ የረጋ ለስላሳ ቺዝ ግን ብታነጂበት ውሃውን እየጣለ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ጥፋቱ የእሳትሽ አይደለም። ፓርሜዛንን የመሰለ ረጅም ጊዜ የቆየ ደረቅ ቺዝም ብቻውን አይፈስስም፤ ውሃው ትንሽ ነው። ለጣዕም በመጨረሻ ላይ ነስነስ ይደረጋል።

ዘይቱን የሚለቀው ደግሞ እሳት ሲበዛበት ነው። መረቡ ከልክ በላይ ሲግል ይኮማተርና ውስጡ ያለውን ስብ ጨምቆ ያስወጣል። የቀረው ፕሮቲን ይጠነክራል። ቺዝ መቅለጥ ነው ያለበት፤ መብሰል የለበትም።

ለ1 ኪሎ ድንች 150 ግራም ሞዛሬላና 50 ግራም ቼዳር ቀላቅዪ። ሞዛሬላው ይሳባል፣ ጣዕም ግን የለውም ብል ይሻላል። ጣዕሙን የሚያመጣው ቼዳሩ ነው። ሞዛሬላው በውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚሸጠው ለስላሳው ሳይሆን ጠንከር ያለው ይሁን፤ ለስላሳው ውሃውን ድንቹ ላይ ያፈስብሻል። ከፍሪጅ እንዳወጣሽ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቂውና ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ። ቅዝቃዜው ከለቀቀው ቶሎ ይቀልጣል፣ ቶሎ ከቀለጠ ደግሞ ድንቹን አይጎዳውም። ተፈቅፍቆ የታሸገው ቺዝ እንዳይጣበቅ በስታርች ወይም በሴሉሎስ ዱቄት የተለወሰ ነው፤ ይቀልጣል፣ ግን እንደ ትኩሱ አይዋሃድም።

ኦቨን ስላለሽ ቀላሉ መንገድ ይኸውልሽ። ኦቨኑን 220 ዲግሪ አድርጊና ሰፊ ትሪ ውስጡ አስገብተሽ አብረሽ አሙቂው። ድንቹ በሙሉ ተጠብሶ ሲያልቅ በጋለው ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊው። ቺዙን ነስንሺበት፤ ሙሉ በሙሉ አትሸፍኚው፣ እንፋሎት የሚወጣበት ክፍት ቦታ ተዪለት። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ቺዙ ቅርጹን ሲያጣና ፈሰስ ሲል አውጪው። ቀለም እንዲይዝ ብለሽ ከጨመርሽለት ያ የምታውቂው ዘይት ይመጣል። ከትሪው በቀጥታ ይበላ፤ ወደ ሳህን ገልብጠሽ አትከምሪው። ለልጆቹ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ አብርጂላቸው፤ የቀለጠ ቺዝ አፍ ያቃጥላል።

መብራት ከሌለ ሰፊ መጥበሻ ይሠራል። ድንቹን በትንሽ እሳት ላይ ዘርጊ፣ ቺዙን ነስንሺ፣ ክዳኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለሽ ለ1 ደቂቃ ብቻ ክደኚ። ፎጣው እንፋሎቱን ይይዘዋል። ጫፎቹን ወደ ላይ ማሰርሽን አትርሺ፣ እሳት እንዳይነካቸው።

ሦስተኛው መንገድ ሶስ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው ሲሠራ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጪና አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ጨምረሽ 1 ደቂቃ አማስዪው፤ ጥሬ ዱቄት ጣዕሙ ይጥፋ እንጂ አይቅላ። ከዚያ 240 ሚሊ ሊትር ወተት ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ አማስዪ። ፈልቶ ሲወፍር ከእሳት አውርጂው። ፍሉ ጸጥ ሲል 120 ግራም የተፈቀፈቀ ቼዳር ወይም ጋውዳ በእፍኝ በእፍኝ አድርጊበት፤ አንዱ ሳይቀልጥ ሌላውን አትጨምሪ። ዱቄቱ ስቡና ውሃው እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። ቺዙን እሳት ላይ እያለ ከጨመርሽው ግን ዱቄቱም አያድነውም፤ አሸዋ አሸዋ ይላል። ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ካደረግሽበት ይበቃዋል።

ሶሱ ሁሌ የሚበላሽብሽ ከሆነ ከቼዳሩ ጋር አንድ ሁለት ቁራጭ ፕሮሰስድ ቺዝ ጨምሪበት። እሱ ውስጥ ስቡንና ውሃውን አዋህደው የሚይዙ ጨዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1911 ቫልተር ገርበርና ፍሪትስ ሽቴትለር የተባሉ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን ቺዝ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ሲሞክሩ ሲትሬት የሚባለውን ጨው ጨምረው ያገኙት ዘዴ ነው። ብዙ ሰው ፕሮሰስድ ቺዝን ይንቀዋል። ለብቻው ለጣዕም አልመርጠውም፤ ሶስ ውስጥ ግን ሥራውን ይሠራል።

ሶሱን ድንቹ ላይ አፍስሰሽ ካቀረብሽ ወዲያው መበላት አለበት። በጎድጓዳ ሳህን ለብቻው ካቀረብሽውና ሁሉም እየነከረ ከበላ ግን ድንቹ እስከ መጨረሻው ኩርሽም እንዳለ ይቆያል። ልጆችም መንከር ይወዳሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና እርጥብ ነገር ሁሉ በጎን ይሁን።

ጣጣውን ለመቀነስ ደግሞ የመቀቀሉን ሥራ አስቀድመሽ ጨርሺው። ሁለት ኪሎ ቀቅለሽ አድርቂ። ሲቀዘቅዝ ግማሹን ትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ፤ ሲጠነክር በላስቲክ ከረጢት አድርጊው። ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሚሠራው በረዶ የድንቹን ሕዋሳት ስለሚሰነጣጥቅ ሲጠበስ መሃሉ የበለጠ ለስላሳ ይሆናል። በምትፈልጊው ቀን ሳታቀልጪ፣ ፊቱ ላይ ያለውን በረዶ ብቻ አራግፈሽ፣ በትንሽ በትንሹ ዘይት ውስጥ ትጨምሪዋለሽ።